አሥራ አምስተኛው ምሳ ዕቃ

ስድስት ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አማራጭ ያለው ሰው ከቤት አይወጣም። ባጃጆች የዛፍ ጥላ ይሻማሉ፤ ባለሱቆች ደጃፋቸው ላይ ጆንያ አንጥፈው ያንቀላፋሉ። ፈይዛ ግን የምትወጣው በዚሁ ሰዓት ነው። አሥራ አራት ምሳ ዕቃ በሁለት ዘንቢል ተሸክማ፣ የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ከግቢያችን ትወጣና መጀመሪያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰፈር ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። አንድ ቀን አሳዝናኝ «ምናለ ባጃጅ ብትይዢ?» ብያት ነበር።

«ባጃጅ ያንገጫግጨዋል፤ ወጡ ይፈስብኛል» አለችኝ። «ደግሞ ባለባጃጁ ይቸኩላል። እኔ ደግሞ ገብቼ ሳልቀመጥ ምሳ ሰጥቼ አልወጣም።»

እኔ ዘላለም እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ግን ምላሴ ጡረታ አልወጣም ትላለች። «ጥላ» የተባለውን የሰፈራችንን መረዳጃ ማህበር ከመሠረቱት ሰባት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ እስካሁን ኮሚቴው ውስጥ አለሁ። ስንጀምር ሐሳባችን አጭር ነበር፤ ለትምህርት ቤት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ መስጠት፣ አበቃ። ከዚያ ነገሩ እንደ ጎርፍ እየሰፋ ሄደ። ባል ለሞተባቸው ሴቶች ፍየል መስጠት ጀመርን፤ ፍየሏ ስትወልድ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ለሚቀጥለው ቤት ታልፋለች። አንዷ ፍየል ታዲያ በላይ በላዩ ወንድ ብቻ እየወለደች ሁለት ጎረቤታሞች ሊኳረፉ ደርሰው ነበር፤ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ። ለቀወት ወረዳ ገበሬዎች የማሾ ዘር እናከፋፍላለን፤ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ስፌት እናሠለጥናለን። እኔ በየስብሰባው «ከአቅማችን በላይ ነው» እያልኩ አጉረመርማለሁ፤ መጨረሻ ላይ ግን እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ።

አጉረምርሜበት የማላውቀው ምሳውን ብቻ ነው። ልጆቻቸው አጠገባቸው ለሌሉና እግራቸው ለማይታዘዝላቸው አረጋውያን ምሳ ሠርተን ቤታቸው ድረስ እንልካለን። ድስታችን ውስጥ ሥጋ አይገባም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ድንች ነው፤ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሳይጠራጠር ከአንድ ድስት ይበላል። በረመዳን ለሙስሊሞቹ የሚሄደው ለማፍጠሪያ እንዲደርስ ወደ አመሻሹ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያደራጀችው ፈይዛ ናት፤ ማንም አድርጊ አላላትም።

ፈይዛ የአጣዬ ሰው ናት። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ቤት ነው። በ2013 ከተማዋ ስትቃጠል ሻይ ቤቱም መኖሪያዋም አብረው ነደዱ። ትልቋ ልጅ ቀድማ ማጀቴ ተድራ ነበር፤ ፈይዛ ትንሿን ይዛ እኛ ጋ መጣች። ያን ሰሞን ብርድ ልብስ እናድል ስለነበር ሰልፉን የማስከብረው እኔ ነበርኩ፤ ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ እንደ ሰልፍ ሜዳ ሰውን ፀሐይ ላይ በመስመር ገትሬ። አንዲት ቀጭን ሴት ከሰልፉ ወጣችና ሰዉን «ኑ፣ ወደዚህ» እያለች ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ወሰደችው።

«መስመሩን አበላሸሽው!» አልኳት።

«መስመሩ እዚህም ይሠራል» አለች። ያን ቀን ብርድ ልብሷን ተቀብላ አልሄደችም፤ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ አጠበች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴው ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት፤ እኔም ድምፅ ማጉያውን አስረከብኳት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በኛ አገር ጎረቤት ምግብ ልኮለት ዕቃውን ባዶ የሚመልስ ሰው የለም። ይሄ ሕግ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፤ ግን ባዶ ዕቃ መላክ ሰውን «ከእንግዲህ አትምጣብኝ» እንደማለት ይቆጠራል። ስለዚህ የፈይዛ ምሳ ዕቃዎች በማግስቱ ሲሰበሰቡ ሁሌም ውስጣቸው አንድ ነገር ይገኛል። አንዷ ሎሚ ታስቀምጣለች፣ አንዱ ቅንጣት ጤና አዳም፣ ሌላዋ የአንድ እጅ ጭብጥ ማሾ። ምንም የሌላቸው ዓይነ ስውር ባልቴት ዕቃውን ብቻ በአመድ ፈትገው መስተዋት አስመስለው ይልካሉ፤ እሱም ስጦታ ነው። ፈይዛ የተገኘውን ወጥ ቤት ወስዳ ድስቱ ውስጥ ትጨምረዋለች።

ጋሼ አብዱልመሊክ ግን የሚልኩት ዕንቁላል ነበር። በየቀኑ አንድ ዕንቁላል።

ጋሼ አብዱልመሊክ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ግመል እየነዱ ከአፋር ጨው ያመጡ ነበር፤ ቁመታቸው ዛሬም ከበሩ ጉበን በላይ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ከተሰበረ ቆይቷል። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የሚኖሩት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው። ፈይዛ «አባባ» ትላቸዋለች፤ ሌሎቹ ጋ አምስት ደቂቃ ብትቀመጥ እሳቸው ጋ አሥር ትቀመጣለች።

ባለፈው ዓመት ሲሃም የምትባል ልጅ አስተባባሪ ሆና መጣችልን። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ ተማሪዬም ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ተመልሳ ነው። ትጉህ ናት፣ ቅን ናት፣ እኔ ደግሞ ቅን ሰው ሲሳሳት ከሁሉ በላይ ያስፈራኛል። ስትመጣ ምሳ ለማግኘት ተራ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ የባሰባት ዓሊያ ነበረች፤ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ የዋለች ሴት ናት። ድስታችን ደግሞ ከሠራተኞቹ ድርሻ ሌላ የሚችለው አሥራ አራት ሰው ብቻ ነው። ሲሃም ደብተሯን ይዛ አሥራ አራቱንም ቤት ዞረች፤ ከምሳው ብንቀንሰው የማይጎዳ ሰው እንዳለ ለማየት ነው። ዓሊያን አልጋዋ ላይ አይታ ከመጣች በኋላ እንቅልፍ አልወስድ እንዳላት ነግራኛለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ የጋሼ አብዱልመሊክን ስም አነሳች።

«ቤታቸው ሄጃለሁ» አለች። «ደጃቸው ላይ ከስድስት የማያንሱ ዶሮዎች አሉ። በየቀኑ ዕንቁላል እንደሚልኩልን ደግሞ ሁላችንም እናያለን። የጎደለዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ‹አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለኝም› አሉኝ።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። እኔ እዚህ አገር ተወልጄ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የይፋት ሽማግሌ፣ ቤቱ ቢቃጠልም እንኳ፣ የጎደለህ አለ ወይ ሲባል «አልሃምዱሊላህ» እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን ጊዜው ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነበርና ቀልድ ቢጤ ጣል አደረግኩ። «እንግዲህ ዕንቁላል ካለ ዶሮ አለ፣ ዶሮ ካለ ደግሞ ዶሮ ወጥ አለ» አልኩ። ሰው ሳቀ። እጅ ወጣ። ዓሊያ ገባች፣ ጋሼ አብዱልመሊክ ወጡ። ያችን ቀልድ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ውሳኔውን ለፈይዛ የነገርኳት እኔ ነኝ። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለአባባ የምነግራቸው እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው።»

«ዶሮዎቹ የሳቸው ናቸው ያለው ማነው?» አለች።

«ሲሃም ሄዳ አይታለች። የሳቸው አይደሉም እንዴ ታዲያ?»

አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «እሺ» ብላ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ፈይዛ ሳትከራከር እሺ ያለችበትን ቀን ከዚያ በፊት አላውቅም። ይህም ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ፈይዛ እንደ ወትሮው በስድስት ሰዓት ትወጣለች፤ አሁን ዓሊያን ጉርሻ በጉርሻ ስለምታበላ ቆይታ ነው የምትመለሰው። የዓሊያ ፊት እየተመለሰ ነው። ሲሃም ደስ ብሏታል፤ እኔም «ደህና ወሰንን» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ፈይዛ ግን እየከሳች መጣች። ቀድሞም ሥጋ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ አሁን የጉንጯ አጥንት ወጣ። አንድ ቀን ዘንቢሏን አስቀምጣ በሩን ስትደገፍ አየሁና ታማ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሙቀቱ ነው» አለች። የሮቢትን ሙቀት ለእኔ ልትነግረኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣ ነበር። ታጥበው ፀሐይ ላይ የተደፉት ምሳ ዕቃዎች ፊት ለፊቴ ነበሩ። የአስተማሪ ዓይን ሆኖብኝ እንደ ተማሪ ቆጠርኳቸው። አሥራ አምስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ክዳኑ ቢጫ ነው።

«ይሄ የማነው?» አልኳት ወጥ ቤት የምትሠራውን ሴት።

«የፈይዛ ነዋ። ከሰሞኑ ድርሻዋን ከኛ ጋር መብላት ትታለች። በሱ እያደረገች ትወስዳለች፤ ቤቴ እበላለሁ ትላለች።»

በማግስቱ ፈይዛ ከዙሯ ስትመለስ ጠብቄ ተከተልኳት። ሠራተኞቹ ትሪውን ከበው ሲቀመጡ እሷ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ዞረች። ስደርስ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በጣሳ የቀቀለችውን አንድ ዕንቁላል እየላጠች ነበር። ሌላ ምንም የለም። ስታየኝ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች፤ ዕንቁላሉን በሻርፗ ሸፈነችው።

«ምሳሽን የት አደረስሽው?» አልኳት።

ዕንቁላሉን በሻርፗ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ጋሼ አብዱልመሊክ ጋ ነው የሚሄደው?»

«የኔን ድርሻ ነው» አለች። «ከድስቱ የጨመርኩት የለም፤ ይመርምሩ።»

«ፈይዛ፣ ማን ሌባ አለሽ? አልነገርሻቸውም ማለት ነው?»

«እንዴት ብዬ ልንገራቸው ጋሼ?» ዓይኗ ሞላ። «ዕንቁላል ስለላኩልን ምሳ ከለከልንዎት ልበላቸው? መጀመሪያማ ላስጥላቸው ሞክሬ ነበር። አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ዕቃውን ባዶውን ይመልሱልኝ አልኳቸው። ‹ባዶ ዕቃ የምመልስ ከሆነ ነገ አታምጪው› አሉኝ። የሚሉትን ያደርጉታል። በር ዘግተው ጦማቸውን ያድራሉ እንጂ አይቀበሉኝም።»

«ዶሮ ያላቸው ሰው...»

«ስለ ዶሮው አይጠይቁኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ወላሂ ብዬላቸዋለሁ።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ ሮቶው አዞረች። ዕንቁላሉን እንድትበላ ትቻት ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሲሃምን አስነስቼ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰድኳት። የማውቀውን በመንገድ ነገርኳት። ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ስንደርስ፣ የሰፈሩ ሴቶች ያጠቡት ማሽላ በሸራ ላይ ተሰጥቶ ሜዳውን ሞልቶታል። ከስጡ ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ የተሰበረ እግራቸውን ዘርግተው ጋሼ አብዱልመሊክ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገዋል። በረጅም ዘንግ ዶሮ ያባርራሉ። ዶሮዎቹ ደግሞ እንደምናውቀው ከአንድ በኩል ሲባረሩ በሌላ በኩል ይመጣሉ፤ ሽማግሌው በተቀመጡበት ሆነው ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራሉ። ስጥ መጠበቅ እኛ አገር የስድስት ዓመት ልጅ ሥራ ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ኑርሃን ከውስጥ ወጥታ ሰላም አለችን። ሲሃም ወደ ጎን ወሰደቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ዶሮዎቹ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸዋ» አለች ኑርሃን። «ምነው፣ ሰው ማሽላ ላይ ወጡ እንዴ?»

«ጋሼ አብዱልመሊክስ?»

«እሳቸው ስጥ ይጠብቁልኛል። ይተዉ፣ እግርዎን ያማዎታል ብላቸው እምቢ አሉ። ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ይጠብቃሉ፤ አንድ ዕንቁላል እሰጣቸዋለሁ። እንዲያው ውሰዱት ስላቸው ግን አይነኩትም።»

ሲሃም ደብተሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ያን ቀን፣ ልትጠይቃቸው የመጣች ጊዜ፣ ዶሮዎቹ መሐል ያየቻቸው ሰው ባለዶሮ ሳይሆኑ የዶሮ ጠባቂ እንደነበሩ የገባት ይመስለኛል። እኔማ ገብቶኛል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ምሳ ዕቃ ባዶ እንዳይመልሱ ብለው በዚያ ፀሐይ ሲቀጠሩ፣ እኛ ያንኑ ዕንቁላል አይተን ጠግበዋል አልን።

ጋሼ አብዱልመሊክ አዩንና ዘንጉን አስቀመጡ። ሊነሡ ሲሞክሩ ሮጠን ከለከልናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ» አለች ሲሃም።

«ወአለይኩም ሰላም። እናንተ ከማህበሩ አይደላችሁም? እንኳን መጣችሁ። እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ እኔ ራሴ ልመጣባችሁ አስቤ ነበር።» ድንጋዩ ላይ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁልን። «የማስቸግራችሁ ጉዳይ አለኝ።»

ሰው ነግሯቸዋል፣ አሁን ለምን እንዳስወጣናቸው ይጠይቁናል አልኩ በሆዴ። «ይንገሩን ጋሼ» አልኩ።

«ያቺ ምሳ የምታመላልሰው ልጅ፣ ፈይዛ። ከስታለች። ሰሞኑን ደጄ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጣል። ለሰው ሁሉ ምሳ ስታዞር የምትውል ሴት እሷ ራሷ አትበላም እንዴ? እናንተ ጋ አጥታ ነው ወይስ ለልጇ እየተወችው ነው? ብጠይቃት አትነግረኝም። ዕንቁላሉን አንቺ ብዪው ብያታለሁ፤ ዱሮ ዕቃው ባዶ እንዳይሄድ ነበር የምልከው፣ አሁን ግን ለሷ ብዬ ነው። አንድ ዕንቁላል ደግሞ ሰው አያቆምም።»

አንዲት ዶሮ መጥታ ማሽላውን መልቀም ጀመረች፤ የሚያባርራት ጠፋ።

«የሚበላውን ሰው ስም የምትመዘግቡት እናንተ ናችሁ አሉኝ» ብለው ቀጠሉ። «እሷን መዝግቡልኝ። ቦታ ሞልቷል የምትሉ ከሆነ የኔን ስጧት። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እሷ ልጅ አላት።»

ሲሃም መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ደብተሯን ገለጠች።

«የሚመዘገበው ሰው ስም ማን ልበል?» አለቻቸው።

«ፈይዛ ነዋ። የአባቷን ስም ጠይቂያት፤ እኔ አላውቀውም።»

ጻፈች። ከዚያ ከደብተሩ ቀና ሳትል፣ «የእርስዎስ የአባት ስም?» አለች።

«የኔ ምን ያደርግልሻል?» አሉ ጋሼ አብዱልመሊክ። «እኔማ አለሁበት።»

«አዎ፣ አሉበት» አለችና ከፈይዛ ስም በላይ ጻፈቻቸው።